ሂስና መልክዐ ምድር፤ አማተር ፎቶግራፍ አንሺዎች እርስ በርስ የተማማሩበት ታሪክ

አንድ ሰው የተራራ ወይም የሐይቅ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለጓደኞቹ ቢያሳይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ያገኛል። ወይ «ቆንጆ ነው» ይሉታል፤ ወይም «ይኼ ደግሞ ምኑ ፎቶ ነው?» ብለው ይመልሱለታል። ሁለቱም ለአንሺው የሚሰጡት ጥቅም የለም። የመጀመሪያው ምን እንደ ወደደ፣ ሁለተኛው ምን እንደ ጠላ አይናገርምና። ታዲያ በሁለቱ መካከል ያለው፣ ማለትም ሥራውን አይቶ ጠንካራውንና ደካማውን ጎን ለይቶ፣ ሠሪው ነገ የተሻለ እንዲሠራ አድርጎ የመናገር ልማድ እንዴት ተፈጠረ? በዚህች አጭር ጽሑፍ ለመመርመር የተነሣነው ይህንኑ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ የአማተር ፎቶግራፍ ማኅበራት ቀደም ብለው ከተስፋፉባቸው ከእንግሊዝና ከአሜሪካ እንጀምራለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፎቶግራፍ ዓይነቶች መካከል የመልክዐ ምድርን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ፎቶ ተነሥቶ መልኩ ሲበላሽበት ይቆጣል፤ «እኔን አይመስልም» ይላል። ተራራ ግን አይቆጣም። ከዚህም ሌላ የቦታው ውበት የፎቶውን ጉድለት ይሸፍናል። ተመልካቹ የሚያደንቀው እግዜር የሠራውን ገደል ይሁን ሰውየው ያነሣውን ሥዕል ለራሱም በቅጡ አይታወቀውም። አንሺውም ቢሆን በዚያች ሰዓት የተሰማውን ነፋስ፣ ብርድና ደስታ አብሮ ስለሚያስታውስ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ሁሉ ያያል። ስለዚህ ሌላ ዓይን ያስፈልገዋል።

ፎቶግራፍ በ1839 ለዓለም ሲታወጅ ሥራው እጅግ አስቸጋሪ ነበር። በ1851 የወጣው የእርጥብ መስታወት ዘዴ ሥዕሉን አሻሻለው እንጂ ድካሙን አልቀነሰም። መልክዐ ምድር ለማንሣት የፈለገ ሰው መስታወቱን እዚያው ቀብቶ እዚያው ማጠብ ስለነበረበት ድንኳንና መድኃኒት ተሸክሞ ይጓዝ ነበር። ሪቻርድ ሊች ማዶክስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1871 የደረቅ መስታወትን መንገድ ከጠቆመና ዘዴው ተሻሽሎ በፋብሪካ መመረት ከጀመረ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1888 ደግሞ መቶ ፎቶ የሚያነሣው የኮዳክ ካሜራ ወጣ፤ ባለቤቱ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካ ይልካል፣ ፎቶዎቹ ታጥበው ይመጡለታል። እንግዲህ አማተሩ የበዛው በዚህን ጊዜ ነው።

ሰው ሲበዛ ማኅበርም ይበዛል። በሎንዶን የፎቶግራፍ ማኅበር የተቋቋመው በ1853 ነበር፤ ለአማተሮች የሚታተም ሳምንታዊ መጽሔት ደግሞ በ1884 ወጣ። በየከተማው ክበቦች ተመሠረቱ። አባላቱ ሥራቸውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ በፋኖስ ብርሃን ሸራ ላይ እያሳዩ ይወያያሉ፤ ርቀው የሚኖሩትም ፎቶግራፎቻቸውን በፖስታ እየተላላኩ አስተያየታቸውን ይጽፉ ነበር። የማታ ማታ ግን የሁሉም ልብ ያረፈው በሽልማቱ ላይ ሆነ። ሜዳሊያ ማን ማንን እንደ በለጠ ይናገራል እንጂ ለምን እንደ በለጠ አይናገርም። ዳኛው ጭጋግ የሚወድ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት ተወዳዳሪው ሁሉ ጭጋግ ይዞ ይቀርባል!

ይህን ዓይነቱን አካሄድ አጥብቆ ከተቃወሙት አንዱ ፒተር ሄንሪ ኤመርሰን ነበር። ትምህርቱ ሕክምና ሲሆን በምሥራቅ እንግሊዝ በኖርፎክ ረግረጋማ አካባቢ እየተዘዋወረ ውሃውን፣ ሸምበቆውንና ገበሬውን ያነሣ ነበር። በዘመኑ ታላቅ ስም የነበረው ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን ግን ከተለያዩ ነጋቲቮች ቁርጥራጭ ወስዶ አንድ ሥዕል መገጣጠምን ያስተምር ነበር። ኤመርሰን በ1889 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ነቅፎ፣ የሰው ዓይን አንዱን ነገር አጥርቶ ሲያይ ሌላውን ደብዘዝ አድርጎ ስለሚያይ ሌንሱም እንዲሁ ማድረግ አለበት ሲል ተከራከረ። አንደበቱ ሻካራ ነበር፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ሂሱ ምክንያት ነበረው። «አልወደድኩትም» ብሎ አላቆመም። ዓይን እንዴት እንደሚያይ ጠቅሶ፣ ሥዕሉ ውስጥ ያለውን ነገር በጣቱ አመለከተ። የፎቶግራፍ ሂስ ከጣዕም ወደ ክርክር የተሸጋገረው እንዲህ ባሉ ሙግቶች አማካይነት ነው።

ሂስ የመስጠት አንዱ ፈተና ያልታወቀ ሰው ሥራ ሲቀርብ ነው። በ1887 ከላይ የጠቀስነው ሳምንታዊ መጽሔት ባዘጋጀው የዕረፍት ጊዜ ፎቶዎች ውድድር ዳኛ የነበረው ኤመርሰን፣ አንደኛውን ሽልማት በርሊን ይማር ለነበረ የ23 ዓመት አሜሪካዊ ወጣት ሰጠ። ፎቶው ጣሊያን አገር የሚስቁ ልጆችን የሚያሳይ እንጂ የመልክዐ ምድር አልነበረም። ወጣቱ ግን አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ነበር። ኋላ በአሜሪካ የፎቶግራፍ ጥበብ መሪ የሆነው ማለት ነው።

ኤመርሰን ሂስ በመቀበልም ትምህርት ትቶልናል፤ ትምህርቱ ግን ጣፋጭም መራራም ነው። በ1890 ኸርተርና ድሪፊልድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች መስታወቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃንና የሚፈጠረው ጥቁረት በቋሚ ሕግ የተሳሰሩ መሆናቸውን አሳተሙ። ኤመርሰን ይህን ሲመለከት፣ አንሺው ብርሃንና ጥላውን እንደ ሠዓሊ ማዘዝ ካልቻለ ፎቶግራፍ ጥበብ አይደለም ብሎ ደመደመ፤ ብዙም ሳይቆይ በጥቁር መስመር እንደ ሐዘን መርዶ የተከበበች ትንሽ ጽሑፍ አውጥቶ የራሱን ትምህርት ቀበረ። በአደባባይ ሐሳብን መለወጥ ድፍረት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሳይንሳዊ ግኝት ስለ ቀረበለት ሕንፃውን በሙሉ ማፍረሱ ከልክ ያለፈ ነበር። እጁ ግን ከአፉ ይልቅ ብልህ ሳይሆን አልቀረም። «ጥበብ አይደለም» ካለ በኋላም ማንሣቱን አልተወም፤ በ1895 ያሳተመው የረግረግ ሥዕሎች ስብስብ እስከ ዛሬ ከምርጥ ሥራዎቹ ይቆጠራል።

ስቲግሊትዝ ኒው ዮርክ ከተመለሰ በኋላ በየካቲት 1893 በረዶ በሚወርድበት ቀን በእጅ በሚያዝ ካሜራ አንድ የጎዳና ፎቶ አነሣ። እርሱ ራሱ ኋላ እንደ ተረከው፣ ነጋቲቩን ለማኅበሩ ባልደረቦች ሲያሳይ ብዥ ብሏልና ጣለው ብለው ተሳለቁበት። እርሱ ግን አልጣለውም፤ አላስፈላጊውን ዳር ዳር ቆርጦ መካከሉን አወጣው። ሥዕሉም ስመ ጥር ሆነ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ባልደረቦቹ ያዩት ብዥታ በእርግጥ ነበረ። ስሕተታቸው በረዶና ጭጋግ ለማሳየት የተነሣን ፎቶ በሕንፃ ፎቶ ሚዛን መመዘናቸው ነው። ሐያሲ አስቀድሞ «ምን ለማሳየት ፈልገህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ስቲግሊትዝ ከ1903 እስከ 1917 ሃምሳ ቁጥር የወጣውን «ካሜራ ወርክ» የተባለ መጽሔት ሲያዘጋጅ ፎቶግራፍና ሂስን ጎን ለጎን አስቀመጠ። የእርሱን ወገኖች ሳይቀር የሚነቅፍ ሰውም አልጠፋም። አባቱ ጀርመናዊ፣ እናቱ ጃፓናዊት የሆኑት ሳዳኪቺ ሃርትማን በ1904 ፒትስበርግ ላይ የታየውን የእነ ስቲግሊትዝ ኤግዚቢሽን አይቶ፣ ፎቶግራፉን በብሩሽና በመድኃኒት እየነካኩ ሥዕል ማስመሰል ይቅር ሲል ጻፈ። በዚያ ፋንታ ምን ይደረግ? ካሜራህን እመን፤ ዓይንህን እመን፤ ብርሃኑና ቦታው እስኪገጣጠሙ ድረስ ታግሠህ ጠብቅ ነው ምክሩ። ነቅፎ ብቻ አልሄደም፤ መውጫውን መንገድ አሳየ። ለመልክዐ ምድር አንሺ ከዚህ የሚበልጥ ምክር ዛሬም የለም።

ቀጥሎ ወደ ካሊፎርንያ እንሻገር። አንሰል አዳምስ በ1916 በአሥራ አራት ዓመቱ ዮሰሚቲ የተባለውን ሸለቆ በትንሽ የኮዳክ ካሜራ ያነሣ አማተር ነበር። ሙያው ፒያኖ ነበር። በ1930 ከፖል ስትራንድ ጋር ተገናኝቶ ነጋቲቮቹን ሲያይ መንገዱን ለየ። ሸካራ ወረቀቱን ትቶ ጥርት ባለ ለስላሳ ወረቀት ማተም ያዘ። ስትራንድ አልነቀፈውም፤ ሥራውን ብቻ አሳየው። አንዳንድ ሂስ ቃል አይፈልግም።

በ1931 መጨረሻ ይኸው የ29 ዓመት ወጣት፣ ከእርሱ በአሥራ ስድስት ዓመት የሚበልጠውን የኤድዋርድ ዌስተንን ኤግዚቢሽን በሳን ፍራንሲስኮ መጽሔት ላይ ገመገመ። አመሰገነ፤ ነገር ግን የአትክልቶቹን ፎቶግራፎች እንደ ድንጋዮቹ እንዳልተቀበላቸው ሳይሸሽግ ጻፈ። ታላቁ ሰው ምን አደረገ? አልተቀየመም። በጥር 1932 ደብዳቤ ጽፎ አመሰገነና በነጥብ መለሰለት። ቀደም ሲል ቃሪያን ከቃሪያነት በላይ ስለማድረግ የተናገራት አባባል በግዴለሽነት የተነገረች መሆኗን አመነ፤ ለማለት የፈለገው ቃሪያውን ሌላ ነገር ማድረግ ሳይሆን ቅርጹንና ገጹን ከአላፊ አግዳሚው ይልቅ አጉልቶ ማሳየት እንደ ነበር አብራራ። አሳማኝ የሆነውን ተቀበለ፣ በቀረው ላይ አቋሙን አጸና። በዚያው ዓመት ኅዳር ሁለቱ ሰዎች «ኤፍ 64» በተባለው ቡድን ስም አብረው ሥራቸውን አቀረቡ። ሂስ ወዳጅነትን ያፈርሳል የሚል ቢኖር ይህችን ታሪክ ያስታውስ።

አዳምስ በ1933 ሥራውን ይዞ ኒው ዮርክ ወደ ስቲግሊትዝ ዘንድ ሲሄድ ሽማግሌው በቀዝቃዛ ፊት ከሰዓት በኋላ ተመለስ አለው። ተናዶ ሊቀር ምንም አልቀረው፤ ሆኖም ተመለሰ። ስቲግሊትዝ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በዝምታ አየ፤ ጨርሶ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀምሮ አያቸው። ከዚያ በኋላ ነው አፉን ከፍቶ ያወደሰው፤ በ1936ም በጋለሪው አሳየለት። ሁለት ጊዜ አይቶ አንድ ጊዜ መናገር ማለት ይህ ነው። እኛ ስንቶቻችን ነን አንድ ጊዜ እንኳ በቅጡ ሳናይ ሁለት ጊዜ የምንናገር?

ይሁን እንጂ ያው አዳምስ የሂስን ሌላ ገጽም አሳይቶናል። ዊሊያም ሞርተንሰን የተባለው የካሊፎርንያ አንሺ ትዕይንት እያቀነባበረ ፎቶውን በእጁ እየነካካ ይሠራ ነበር። በመጽሔት የተጀመረው ክርክር ለሁለቱም ወገን የሚጠቅም ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን አዳምስ ሰውየውን «ሐሳዌ መሲሕ» እስከ ማለት ደረሰ። ሞርተንሰን በ1965 ሲሞት ስሙ ከፎቶግራፍ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ከመጥፋት ደርሶ ነበር፤ ሥራው እንደ ገና መመርመር የጀመረው ከ1970ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ነው። ሂሱ ከሥራው ወደ ሰውየው ሲሸጋገር የሚጎዳው ተነቃፊው ብቻ አይደለም፤ መጪው ትውልድም የሚማርበትን ያጣል።

ደግነቱ አዳምስ የተወው ውርስ ስድብ አይደለም። በ1940 ገደማ ከፍሬድ አርቸር ጋር ሆኖ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ደረጃ በዞን ከፋፈለው። ከዚያ ወዲህ «ጥላው ጨልሟል» የሚለው ስሜት «ዝርዝሩ እንዲታይ ዞን ሦስት ላይ መዋል የነበረበት ጥላ ከዚያ በታች ወርዷል» ወደሚል፣ ተማሪው ሊያርመው ወደሚችለው ነገር ተለወጠ። በዮሰሚቲ ከ1955 ጀምሮ በየዓመቱ ባካሄደው የሥልጠና ጉባኤ አማተሮች ፎቶዎቻቸውን እየያዙ ይመጡ ነበር። የሥራ ባልደረባው ማይነር ዋይት ደግሞ በሌላ በኩል ሄደ። ተማሪዎቹን ጸጥ ብላችሁ፣ ተረጋግታችሁ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ እዩት፤ ከዚያ ምን እንደ ተሰማችሁና ሥዕሉ ውስጥ ያለው የትኛው ነገር ያንን እንደ ፈጠረ ተናገሩ ይላቸው ነበር። አንዳንዶች ምስጢር አበዛ ብለው ተችተውታል። ሆኖም አንዱ መለካትን፣ ሌላው ማየትን አስተማሩ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ለእኛስ? ሂስ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩም ቤቱ ሲጎድል ወይም ሰሙና ወርቁ ሳይገጥም ሲቀር እዚያው ያርመዋል። በነጋታው ሌላ ቅኔ ይዞ ይመጣል፤ መልሱም እርሱ ነው። በሌላ በኩል በአብዮቱ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» የተባለው ነገር በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሰው ማሸማቀቂያ ሆኖ እንደ ነበር ከታላላቆቻችን ሰምተናል። በዚህ ላይ ይሉኝታ አለ። ጓደኛችንን እንዳናስቀይም «ቆንጆ ነው» ብለን እናልፋለን፤ ዘወር ስንል ግን ሌላ እናወራለን። ይህ ደግነት አይደለም። ወዳጅን ባለበት ማስቀረት ነው።

ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ ያነሣል፤ ከእንጦጦ ላይ ከተማዋን ያላነሣ ተማሪም ያለ አይመስለንም። እንግዲያው በሚቀጥለው ጊዜ ጓደኛችን አንድ የመልክዐ ምድር ፎቶ ሲያሳየን፣ ከማሞገሳችንም ከማጣጣላችንም በፊት ዓይናችን መጀመሪያ የት እንዳረፈ፣ ከዚያ ወዴት እንደ ሄደና የት ላይ እንደ ተሰናከለ እንንገረው፤ ምን ለማሳየት እንደ ፈለገም እንጠይቀው። የሚነገረንም እኛ ከሆንን እንደ ዌስተን የሚያሳምነውን እንቀበል፤ በማያሳምነው ላይ ምክንያታችንን እናቅርብ። ከዚያ ካሜራችንን ይዘን እንደ ገና እንውጣ። ተራራው እንደሆነ የትም አይሄድም፤ ብርሃኑም ነገ ይመለሳል።