አራስ ቤትና ጤና ጣቢያ በጎጃም ደጋ

ቀድሞ መንቆረር ትባል ከነበረችው ከደብረ ማርቆስ አንሥቶ እስከ ጮቄ ተራራ ድረስ ባለው የጎጃም ደጋ ወሊድ ከጥንት ጀምሮ የቤት ጉዳይ ነበረ። ምጥ የያዛትን ሴት የሚረዷት ዘመድና ጎረቤት የሆኑ ሴቶች፣ ከእነርሱም መካከል በልምዷ የታወቀችው ዐዋላጅ ነበሩ። ሴቶቹ እመቤታችን ማርያምን ደጋግመው ይጠራሉ፤ ሕፃኑ ሲወለድ እልል ይባላል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ቄሱም ጠበል ይረጫሉ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እናቲቱ ከቤት አትርቅም፤ ብቻዋንም አትተውም። ይህ ሥርዐት ለአራሷ ዕረፍትን፣ ምግብንና ሰውን የሚያሰናዳ ነበረ። ይሁን እንጂ ደሟ አልቆም ሲል ወይም ልጁ በማሕፀን ተጋድሞ ሲቀር ከጸሎት በቀር መልስ አልነበረውም። እንገር ማፍሰስ፣ ለሕፃን ቅቤ ማስዋጥ፣ እንጥል ማስቆረጥና ልጃገረድን ሳትጠና መዳርም በዚሁ አገር የቆዩ ልማዶች ናቸው። ብዙ ጊዜ ሁሉም «ጎጂ ልማድ» በሚል አንድ ስም ይጠቀለላሉ፤ ነገር ግን ገንፎና እንጥል ቆረጣ በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይደሉም።

መንግሥት ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና በተደራጀ መልክ ማሰብ የጀመረው የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1940 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንን፣ ነርስና የአካባቢ ጤና ጠባቂ በአንድነት እያሠለጠነ ወደ አውራጃዎች ይልክ ነበር። የጤና ጣቢያዎቹ ዕቅድ መከላከልን ከማከም ጋር ያጣመረ ሲሆን፣ አንዱ ጣቢያ 50,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነበረ። ዐሳቡ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ገደል ለገደል በሚኬድበት አገር ለአንዲት ነፍሰ ጡር ይህ ቍጥር የሩቅ መንገድ ሌላ ስም ነው።

ርቀቱን በእጅጉ ያሳጠረው በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ዐሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ የአካባቢው ልጃገረዶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ሁለት ሁለት እየሆኑ በየቀበሌው ተመደቡ። ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔና መጸዳጃ ቤት በእነርሱ አማካይነት እስከ ጓዳ ገቡ። በመላው ኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ የነበረ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. ቍጥሩ 67 ሆነ።

ወሊድ ግን ከቤት ለመውጣት ዘገየ። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ። ያልሄዱበት ምክንያት ሲጠየቅ ከመቶ 61 የሚሆኑት አስፈላጊ አይደለም፣ ከመቶ 30 የሚሆኑት ልማዳችን አይደለም ብለው መለሱ። መልሱ የድንቍርና ምልክት ተደርጎ ተተርጕሟል። ነገሩን ከአራስ ቤት ሆኖ ለሚመለከት ሰው ግን ፍርዱ ሌላ ነው፤ በርከክ ብላ፣ በሴቶች ተደግፋ መውለድ የለመደችውን ሴት ጤና ጣቢያው በጀርባዋ አስተኝቶ፣ እናቷንና ጎረቤቶቿን ከደጅ አስቀርቶ ያዋልድ ነበር።

ለውጡ የመጣው ጤና ጣቢያው ራሱ የአራስ ቤትን ጠባይ በከፊል በያዘ ጊዜ ነው። በክፍያ ነጻ መሆኑና አምቡላንስ መምጣቱ አግዟል። በጤና ጣቢያው ግቢ የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠራ፤ የመውለጃዋ ወራት የደረሰች ሴት ከዘመዷ ጋር ትቀመጥበታለች፤ ቡና ይፈላል፤ ለአራሷም ገንፎ ይገነፋል። እህሉንና ቅቤውን በብዙ ስፍራ ያዋጣው ሕዝቡ ነው። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 26፣ በ2011 ዓ.ም. ከመቶ 48 ደረሱ። ለዚህ ዕድገት ገንፎው ብቻ ምክንያት ነው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ ነገር ግን ያለ ገንፎው የማቆያ ቤቱ ባዶ ይቀር ነበር።

መኪና በማይገባበት ቀበሌ ምጥ የጠናባት ሴት እስከ ዋናው መንገድ የምትደርሰው በቃሬዛ ነው። ሕመምተኛን ተራ ገብቶ መሸከም የጎረቤት ግዴታ ነውና የመንግሥት አገልግሎት በዚህ አሮጌ ሥርዐት ትከሻ ላይ ቆሟል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በዐማራ ክልል በተነሣው ጦርነት መንገድ በተዘጋና አምቡላንስ መንቀሳቀስ ባልቻለ ጊዜም ቃሬዛው መንገዱን እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ይጨርሳል፤ አንዳንዴም ሳይደርስ ይቀራል።