የመንዝ ባና ጥቁረት

ጥጥ ደጋ አይወጣም። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከጓሳ ደጋ በኩል የሚነፍሰው ቁር በነጠላ የሚመከት አይደለም። ስለዚህ በመንዝና በጊሼ ቀን በርኖስ፣ ሌሊት ባና ሆኖ ሰውን ሲያሞቅ የኖረው በግ ነው። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ላቱ የሰባ፣ ፀጉሩ ሻካራ ነው። ፀጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ከዚያ ሸማኔው እጅ ይገባል።

ቀለሙን በጉ ራሱ ይዞት ይመጣል፤ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ዳለቻ፣ ነጭ። ለባለሙያው የቀረለት ምርጫ የትኛውን ማግ ከየትኛው ጎን ማስገባት ነው። የጥቁር በግ ፀጉር ፀሐይ ሲመታው ወደ ቡናማ ያደላል። ከነጭ መስመር አጠገብ ሲያርፍ ግን ጥቁረቱ ይጎላል።

ይህ ነገር ፓሪስ ላይ ሰው አከራክሯል። ኬሚስቱ ሚሼል ዩጂን ሼቭረል በ1824 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ጥቁሩ ሱፍ ደከመ የሚል ስሞታ ደረሰው። ሱፉን ከሌሎች ፋብሪካዎች ጥቁር ጋር ሲያስተያየው እንከን አጣበት፤ ጥፋቱ ከጎኑ የተሸመኑት ሰማያዊና ሐምራዊ ክሮች ነበሩ። ግኝቱን በ1839 አሳተመ። ቀለም ነካሪ ላይ የሚወርድ ወቀሳ ሁሉ የነካሪው ጥፋት አይደለም ማለት ነው።

ምክንያቱን ወደ ዐይን ያመጣው ኧርነስት ማክ ነው። በ1865 ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት ድንበር ላይ፣ በእውነት የሌሉ ደማቅና ጨለማ መስመሮች እንደሚታዩ ገለጸ፤ በሬቲና ላይ ጎረቤታም ነጥቦች እርስ በርስ እየተገታቱ መሆን አለበት አለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ኬፈር ሃርትላይን የፈረስ ኮቴ ሸርጣን በሚባለው የባሕር እንስሳ ዐይን ላይ ነገሩን በነርቭ ምልክት ለካው፤ በ1967 ከኖቤል ተሸላሚዎች አንዱ ሆነ።

አሠራሩ በባናው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብርሃን የነካው ሴል ምልክት ሲልክ ጎረቤቶቹን ዝም ያሰኛል። በነጩ መስመር ጠርዝ ያለው ሴል በአንድ ጎኑ ጥቁሩ ስለሆነ የሚገታው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ይበልጥ ይጮኻል። በጥቁሩ ጠርዝ ያለው ግን ከነጩ በኩል በሚመጣ ግታት ይበልጥ ዝም ይላል። ጥቁሩን የሚያጠቁረው አንዱ ይህ ነው።

ነገሩ ዐይን ላይ አያበቃም። ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ቪዝል ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በድመት አንጎል የኋላ ክፍል፣ በእይታ ኮርቴክስ ውስጥ፣ አንዱ ለቋሚ፣ ሌላው ለአግዳሚ መስመር የሚነቃቁ ሴሎች አገኙ፤ በ1981 ኖቤል ተሸለሙ። አዳም ሲሊቶ በ1975 ጋባ የተባለውን የመግቻ ኬሚካል ሥራ በመድኃኒት ሲያግድ፣ የብዙዎቹ ሴሎች መስመር የመለየት ችሎታ ደከመ፤ አንዳንዶቹንም ወደየትም ያዘነበለ መስመር ያስነሳቸው ጀመር። በኮርቴክስ ውስጥ ከአምስት ሴሎች አንዱ ገደማ ሥራው ሌላውን መግታት ነው።

አንድ ዓይነት መስመር ሲደጋገም፣ ያንኑ አቅጣጫ የሚያዩት ሴሎች እርስ በርስ ይገታታሉ። መስመሩ የዞረበት ወይም የተቋረጠበት ቦታ ግን ከዚህ ግታት በከፊል ስለሚያመልጥ ጎልቶ ይወጣል። ገበያ ላይ ባና የዘረጋ ሰው ይህን በኑሮ ያውቀዋል፦ ገዢ ሙሉውን ባና አይመረምርም፤ ማጉ የተዘለለባት አንዲት ቦታ ላይ ጣቱን ይቀስራል።

የመንዝ ሸማኔ ማክን ቀድሞታል ማለት ፉከራ ነው፤ እሱ ስለ ሴል አልተናገረም። የሠራው በዐይኑ ፍርድ ነው፤ አራት የበግ ቀለም ይዞ ጥለት ማውጣቱም ቀላል ሙያ አይደለም።

መሐል ሜዳ ባና ልትገዙ ከወጣችሁ ነጩን መስመር በመዳፋችሁ ሸፍኑና ጥቁሩን ለብቻው እዩት። ዋጋ የምትከራከሩት ከዚያ በኋላ ይሁን።