ካንዴላ በሜክሲኮ አደባባይ

እስኪ ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት ጋራዦች ወደ አንዱ ጎራ በሉና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። «ካንዴላውን ፍታው!»፣ «ካቻቪቴ አቀብለኝ!»፣ «ፍሪሲዮኑ አልቋል!»፣ «ይሄ ማርሚታ ተቀዷል!»። ሰውየው የሚያወራው አማርኛ ነው። ግሱ አማርኛ፣ ቀልዱ አማርኛ፣ ስድቡም ጥርት ያለ አማርኛ። የዕቃው ስም ግን አንድ ሳይቀር ጣሊያንኛ ነው።

አሁን ደግሞ ቀና ብላችሁ የሰፈሩን ስም አስቡት። ሜክሲኮ። ይህ ስም ለአደባባዩ የተሰጠው ፋሺስት ጣሊያን «ኢትዮጵያ የእኔ ናት» ብላ ባወጀች ጊዜ ሜክሲኮ «አላውቅልሽም» ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው። እንግዲህ ወረራውን አላውቅም ባለች አገር ስም በተጠራ ሰፈር፣ ሞተር የሚፈታውና የሚገጠመው በወራሪው ቋንቋ ነው ማለት ነው። ነገሩ መጀመሪያ ያስቃል። ሳቁ ሲያልፍ ግን አንድ ያልተጻፈ ታሪክ ከስሩ ብቅ ይላል። ሞተርና የእኛ ደጋ እንዴት ተዋወቁ? ማንስ አስታረቃቸው?

ታሪኩን በክሩዘር እንጀምረው። ክሩዘር ያ ዝቅ ብለው የሚቀመጡበት፣ እጀታው ሰፊ፣ ድምጹ ከሩቅ የሚያጉረመርም፣ አብዛኞቻችን በፊልም የምናውቀው ሞተር ሳይክል ነው። ሃርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1909 ለገበያ ያቀረበው፣ ሁለት ሲሊንደር በ45 ዲግሪ የተጣመረበት የቪ ቅርጽ ሞተር የዘሩ አባት ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ከስንት አንድ ነው የሚታየው። ባለቤቱ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ መካኒክ ፊት መቆሙ አይቀርም። ጥያቄውም ያው ነው፤ «ጉልበት ጨምርልኝ»።

ብልህ መካኒክ መፍቻውን ከማንሳቱ በፊት ጉልበቱ የት እንደሄደ ያስረዳዋል። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ዋናው ቀለቡ አየር ነው። በሚዛን ቢሰላ ለአንድ እጅ ቤንዚን ወደ 15 እጅ አየር ይፈልጋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ የተሰቀለች ከተማ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ስለዚህ 80 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር እዚህ ሲደርስ ከ60 እስከ 65 ባለው መሃል ይወድቃል። ማንም አልሰረቀውም፤ ከፍታው ነው የቀረጠው። ክሩዘሩ የተወለደባት ሚልዋኪ ከባሕር ጠለል 200 ሜትር እንኳ አትሞላም። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ይህን ቀረጥ ከፍለው የገቡት ሞተሮች ታሪክ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ነው። ወደ አዲስ አበባ የገባች የመጀመሪያዋ መኪና ተብላ የምትታወቀው በ1900 ዓ.ም እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለአፄ ምኒልክ ይዟት የመጣት ሲድሊ ናት። ከጠረፍ ተነስታ በረሃውን አቋርጣ ደጋውን የወጣችው መንገድ በሌለበት አገር ነው። ንጉሡ እንደ ልማዳቸው አዲሱን ነገር በደስታ ተቀበሉት። የአገሬው ሰው ያኔ ያየው ተአምር ቢሆንም፣ ተአምሩ ሽቅብ ሲወጣ እንደሚያለከልክም አይቷል።

ሁለተኛው ትውውቅ ደስታ የለበትም። በ1928 ዓ.ም ሚያዝያ ወር ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ ገሰገሰ። ከ12,000 በላይ ጣሊያናዊ ወታደሮችና ወደ 1,785 የሚጠጉ መኪኖች ነበሩት። ፊያትና ላንቺያ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የአሜሪካው ፎርድና ሸቭሮሌት፣ የእንግሊዙ ቤድፎርድም በሰልፉ ውስጥ ነበሩ። ይህ ሁሉ ብረት ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ገደል ላይ ኢትዮጵያውያን መንገዱን ንደውት ነበር። የተናደውን መልሶ ለመሥራት አንድ ቀን ተኩል ፈጀ፤ በየዳገቱ ሞተሩ ያቃተውን የሰው ትከሻ ገፋው። ከተማዋ የተያዘችው ሚያዝያ 27 ቀን ነው።

እዚህ ላይ ቤንዚኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። የመንግሥታቱ ማኅበር ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ከዝርዝሩ አስቀርቶታል። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋባትም። ሙሶሊኒ ራሱ በኋላ ለሂትለር፣ ማዕቀቡ ነዳጅን ቢጨምር ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከሐበሻ ለመውጣት ይገደድ እንደነበር ነግሮታል ይባላል። ጣርማ በርን የወጡት ሞተሮች የተንቀሳቀሱት ዓለም አይቶ እንዳላየ ባለፈው ነዳጅ ነው። ታላላቆቹ አንድ በአንድ ወረራውን ሲቀበሉ በፕሬዚዳንት ላዛሮ ካርዴናስ የምትመራው ሜክሲኮ አልቀበልም ብላ ጸናች። ውለታው አልተረሳም። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ሜክሲኮን ጎበኙ። ዛሬም በሜክሲኮ ሲቲ «ኢትዮጵያ» የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ አለ፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። የእኛ ሜክሲኮና የእነሱ ኢትዮጵያ፣ ሁለቱም የባቡር ፌርማታ ሆነው ቀሩ።

አምስቱ ዓመት አለፈና ጣሊያን ወጣ። መኪናው፣ መንገዱና ብዙ ጣሊያናዊ መካኒክ ግን እዚሁ ቀሩ። የጋራዡ ትምህርት ቤት የተከፈተው ያኔ ነው። ረዳቱ ልጅ ዕቃ እያቀበለ ስሙን ለመደ። ሻማ የሚለው የጣሊያንኛ ቃል የሞተር እሳት ጫሪ ሆኖ «ካንዴላ» ተባለ። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ቴስታታ፣ ቢየላ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬቻ ሁሉም በዚህ መንገድ ገቡ። ፊያት 682 ኤን 3 የምትባለው የጭነት መኪና ስሟ አጥሮ «ኤንትሬ» ሆነች፤ ቃሉን ጣሊያን ራሱ ቢሰማው ላያውቀው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1942፣ ነጻነት በተመለሰ ማግስት፣ መንግሥት የቴክኒክ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ዛሬ ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ስትሄዱ የምታገኙት ተግባረ ዕድ ነው። ስሙ ከግዕዝ የመጣ ሲሆን የእጅ ሥራ ማለት ነው። ብረት ቀጥቃጩን በነገር ወጋ ማድረግ፣ ባለእጅን ማራቅ ልማድ በነበረበት አገር፣ መንግሥት ለእጅ ሥራ የግዕዝ ስም ሰጥቶ ትምህርት ቤት ከፈተለት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሜክሲኮ ሰፈር ላይ እንግዲህ ሁለት ዓይነት መካኒክ ተገናኘ፤ በሰሌዳ የተማረውና በዘይት የተማረው። ቋንቋቸው ግን አንድ ሆነ።

እነዚህ ሰዎች ምን ይሠሩ ነበር? ውጭ አገር «ሞተር ማሻሻል» ሲባል ከፋብሪካው በላይ መጨመር ነው። እዚህ ግን የመጀመሪያው ሥራ የተቀረጠውን ማስመለስ ነበር። ባሕር ዳርቻ ላይ የተለካ ካርቡራተር ደጋ ሲወጣ አየሩ ይቀንስበታል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ሞተሩ ይጠግባል፣ ያጨሳል፣ ይታፈናል። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ ያነበዋል። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ አየር በዝቷል፤ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ ቤንዚን የምታልፍባትን ቀዳዳ በጠባብ ይቀይራል። ኮምፒውተር የለ፣ መለኪያ የለ፤ ዓይንና ጆሮ ብቻ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥርስ ነው። የኋላውን ጥርስ ማብዛት ወይም የፊቱን መቀነስ ከፍተኛውን ፍጥነት ይነካል፣ ሽቅብ መጎተትን ግን ይጨምራል። እንጦጦን ለሚወጣ ሰው ይህ ከማንኛውም ጌጥ ይበልጣል። ደፋሩ ደግሞ ቴስታታውን አስልጦ እመቃውን ያሳድጋል። ይህ ባሕር ዳር ላይ ሞተር ሊያንኳኳ ይችላል። አየር በሳሳበት ደጋ ግን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ስለሚያንስ መጠነኛ ጭማሪ ይቻላል። በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች 85 ኦክቴን ቤንዚን ሲሸጥ የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የመጨረሻው ሲሊንደሩን አስፍቶ ትልቅ ፒስተን ማስገባት ነው፤ አየሩ ቢሳሳም ሳንባው ይሰፋል። ለባለ ክሩዘሩም ምክሩ ይኸው ነው። የአየር ማጣሪያና ማርሚታ ብቻ ቀይሮ የሚሄድ ሰው ከጉልበቱ ይልቅ ድምጹን ነው የጨመረው። አዲሶቹ ክሩዘሮች ቤንዚኑን በኮምፒውተር ይመጥናሉ፤ ሃርሊም ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ካርቡራተርን ትቷል። ኮምፒውተሩ ግን መጠኑን ያስተካክላል እንጂ የሌለ አየር አይፈጥርም።

አየር የሚፈጥረው ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ፣ 4,300 ሜትር አካባቢ አወጣ። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ 230 ሰጠ። ሞስ በጭሱ ኃይል የሚሽከረከር አየር ገፊ ሲገጥምለት 356 ሆነ። ቱርቦ የምንለው ነገር ለደጋ እንዲህ ተፈተነ። የእኛ ራስ ዳሽን ከፓይክስ ፒክ ይረዝማል። እዚያ ከፍታውን በላቦራቶሪ ታገሉት፤ እዚህ በካቻቪቴ። ሁለቱም ትግል ነው፤ የተጻፈው ግን የአንዱ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሞተር ሳይክል ከዝርፊያ ጋር ተያይዞ ሲታገድ ብዙ ወጣት እንጀራው ተነክቷል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ አይገቡም አለ። በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሞተር ሳይክሎችም መንገዱ ላይ መታየት ጀምረዋል። እዚህ ላይ ታሪኩ አስገራሚ እጥፋት አለው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይበላም። ሚልዋኪም ሆነ ሜክሲኮ አደባባይ፣ ጣርማ በርም ሆነ ጅቡቲ፣ ጉልበቱ ያው ነው። ከቤንትሌይ ጀምሮ ስንከፍል የኖርነው ቀረጥ በአንድ ጊዜ ተሰረዘ።

ለአገር ጥሩ ዜና ነው፤ አልክድም። ለሳንባችንም ጥሩ ነው። ግን ካንዴላ አንብቦ የሞተሩን በሽታ የሚያውቀው ሰውዬስ? የኤሌክትሪክ ሞተር ካንዴላ የለውም፣ ቴስታታ የለውም፣ ማርሚታ የለውም። ሰማንያ ዓመት የፈጀ ዕውቀት በመጽሐፍ ሳይሰፍር፣ በአንድ ትውልድ ጡረታ ሊያልቅ ይችላል። የወራሪውን ቃል ተቀብለው የራሳቸው ያደረጉት፣ ለሌላ አገር የተሠራን ሞተር በዚህ ደጋ እንዲተነፍስ ያስቻሉት እነሱ ናቸው። ሐውልት አልጠየቁም።

ስለዚህ ተግባረ ዕድ አካባቢ የምትማሩ፣ ስልካችሁ ላይ መቅጃ ያላችሁ ልጆች፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ከምትሏቸው አንጋፋ መካኒኮች አንዱ ጋ ቡና ይዛችሁ ሂዱ። የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፣ እንዴት እንደተማሩት፣ ከማን እንደሰሙት ጠይቁና ቅዱ። አንድ የጋራዥ መዝገበ ቃላት ቢወጣው የማን ቋንቋ እንደሆነ የሚጠራጠር አይኖርም። ጣሊያንኛ መስሎን የቆየው የእኛው የሜክሲኮ አማርኛ ነው።