ካሜራው ወደ ላይ ሲዞር

በድብቅ ካሜራ ማሳቅ የቦራት ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው አለን ፈንት በ1948 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን ነው) ‹‹ካንዲድ ካሜራ››ን በቴሌቪዥን ሲጀምር የሚሳቀው ግራ በተጋባ ተራ ሰው ነበር። ዳሩ ግን መጨረሻ ላይ ምስጢሩ ይነገረውና እሱም ስቆ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ሳሻ ባሮን ኮኸን ይህችን ማስታረቂያ አስቀራት።

በ2006ቱ ‹‹ቦራት›› የካዛኪስታን መንደር ተብላ የታየችው ግሎድ፣ በሩማንያ የምትገኝ ድሃ መንደር ናት። ነዋሪዎቿ ተታለልን ብለው አምርረዋል። እኔም እፈርድላቸዋለሁ፤ ድሃን አሞኝቶ መሳቅ ስላቅ አይባልም።

በ2020 በወጣው ተከታይ ፊልም ግን ቦራት ፊቱ ታውቆበታል! ስለዚህ ወጥመዱን የዘረጋችው ልጁን ሆና የተጫወተችው ቡልጋሪያዊቷ ማሪያ ባካሎቫ ሆነች። ጋዜጠኛ መስላ ያነጋገረቻቸው የቀድሞው የኒውዮርክ ከንቲባና የፕሬዚዳንት ትራምፕ ጠበቃ ሩዲ ጁሊያኒ ናቸው። ከቃለ ምልልሱ በኋላ በሆቴሉ አልጋ ላይ ተጋድመው እጃቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ሲከቱ ካሜራው ቀረጸ። እሳቸው ‹ሸሚዜን እያስገባሁ ነበር› ባይ ናቸው፤ ተመልካች ይፍረድ። ፊልሙ ለእይታ የበቃው ምርጫው 11 ቀን ሲቀረው ነበር።

በ2006 የተቆጣችው ካዛኪስታንስ? በ2020 ‹‹በጣም ጥሩ!›› የምትለዋን የቦራትን አባባል ለቱሪዝም መፈክርነት ወሰደቻት።