ስፍርና ሚዛን

አማርኛ የገበያውን ልክ በሁለት ግሦች ለይቶ ይናገራል፤ እህል ይሰፈራል፣ ወርቅ ይመዘናል። መስፈር ዕቃው የሚይዘውን መጠን መለየት ሲሆን፣ መመዘን ክብደትን ማወቅ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የንግድ ታሪካችን ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጥያቄም ነው።

የአገራችን አርሶ አደር ለብዙ ዘመን ምርቱን የሚያውቀው በእርቦ፣ በቁናና በዳውላ ነበር። የእነዚህም ልክ ከአገር አገር፣ ከገበያም ገበያ ይለያይ ነበር። በአንጻሩ የወርቁ ወቄት 28 ግራም በሚሆነው በማሪያ ቴሬዛ ብር ክብደት የጸና ነበር። ወርቁ የታመነ መመዘኛ ሲኖረው፣ እህሉ በሰፋሪው እጅ ላይ የተመካ ነበር ማለት ነው። ቁናው ተነቅንቆ ይሞላል ወይስ እንዲያው? አናቱ ይከመራል ወይስ በእጅ ይጠረጋል? መልሱን የሚሰጠው ቁናውን የያዘው ነው። ጭሰኛው የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለመሬቱ በሚሰፍርበት ዘመን፣ ይህ ጥያቄ የአንድ ቤተ ሰብ የክረምት ቀለብ ጥያቄ ነበር። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» በሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ውስጥ ዛቻም ተስፋም የሚሰማው ስለዚህ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን ሲሽር፣ ያ ስፍርም አብሮ ተሻረ።

በከተማ ግን ለውጡ የመጣው በንግድ በኩል ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የፋሺስት ወረራ ዘመን የአራዳው ገበያ ወደ አዲስ ከተማ ተዛውሮ መርካቶ ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሚዛንና መለኪያ የወጣው ዐዋጅ ደግሞ ሜትራዊውን ሥርዐት ሕጋዊ አደረገ። ይሁን እንጂ ሚዛኑ ስፍርን ከገበያው አላስወጣውም። በእህል በረንዳ ጤፍ በኩንታል ይጫናል፤ በበርበሬ ተራ ዛላው በኪሎ ይመዘናል፤ ቅመሙ ግን በጣሳና በስኒ ይቸረቸራል። ባለሙያዋ እናት አንድ ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ ያህል በርበሬ ስታሰናዳ፣ ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን በስፍር ትጨምራለች። ሚዛኑንና ስፍሩን የሚያስታርቀው ሒሳብ በእርስዋ እጅ ነው።

ሒሳቡም ቀላል አይደለም። ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1795 ግራምን የወሰኑት በውሃ ስፍር ነበር፤ ስለዚህ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። እህልና ቅመም ግን እንደ ውሃ አይደሉም። አንድ ጣሳ ጤፍና በዚያው ጣሳ የተሰፈረ ዛላ በርበሬ ክብደታቸው የተራራቀ ነው፤ ያው በርበሬ ተፈጭቶ ሲመለስም ጣሳው ከቀድሞው አብልጦ ይይዛል። ስለሆነም ጣሳን ወደ ኪሎ የሚለውጥ አንድ ቁጥር የለም፤ እያንዳንዱ እህል የራሱ ቁጥር አለው። ያንን ቁጥር ሻጩ ዐውቆ ሸማቹ ካላወቀ፣ የጥንቱ ቁና በቆርቆሮ ተለውጦ ተመለሰ ማለት ነው።

እንግዲህ መምህራን በክፍላቸው ጣሳና ሚዛን አቅርበው፣ የየአካባቢያቸውን እህል ሰፍረው ቢያስመዝኑ፤ ጸሐፍትም የእናቶችን ስፍር ከነክብደቱ ቢመዘግቡ፣ ባህልን ከመጠበቅ ያለፈ ተግባር ይሆናል። ልኩን ሁለቱም ወገን ሲያውቀው፣ ቁናውን ማን ያዘው የሚለው ጥያቄ ኀይሉን ያጣልና።