የሁለቱ ጋዜጦች ዜና እስከ ሞያሌ

ይህን ዜና በኬንያዪቱ ሞያሌ፣ ዐፄ ምኒልክና እንግሊዝ በ1900 ዓ.ም. ከተዋዋሉት ወሰን በዚህኛው ወገን ሆነን ጻፍን።

በ1966 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ ክረምት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ «ዴሞክራሲያ» የምትባል ጋዜጣ በአዲስ አበባ በስውር ወጣች። ጸሐፊዎቿ ስማቸውን አልገለጹም፤ በስቴንስል ተባዝታ ከእጅ ወደ እጅ ትሄድ ነበር። ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይመሥረት ትል ነበር። ብዙም ሳይቆይ የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) ልሳን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ተከተለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። በዚያው ዓመት በነሐሴ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ራሱን ሲገልጽ ዴሞክራሲያ የማን ልሳን እንደ ሆነች ታወቀ።

ሁለቱም ወገኖች ከአንድ የተማሪ ንቅናቄ የወጡ፣ «መሬት ላራሹ» ብለው አብረው የጮኹ ነበሩ። የለያያቸው ከንጉሡ በኋላ ሥልጣን የያዘው የወታደሮቹ የደርግ ነገር ነው፤ ኢሕአፓ ወታደሩ ሥልጣን ይልቀቅ ሲል መኢሶን እየተቹ መደገፍን መረጠ። በ1968 ዓ.ም. በ«አዲስ ዘመን» ላይ «አብዮታዊ መድረክ» የሚባል ዓምድ ተከፍቶ ይህንኑ በአደባባይ ተሟገቱበት። እኛ ከዚያ ዘመን ሁሉ ይህን ዓምድ እንወዳለን፤ ሰው ሰውን በቃል ሊረታ የሞከረባቸው ጥቂት ወራት ናቸውና።

ከዚያ ወዲያ ቃል ከፋ። አንዱ ሌላውን «ባንዳ» አለው፤ ሌላውም «አናርኪስት» ብሎ መለሰ። እንዲህ የተባለ ሰው ሞት ይፈረድበታል እንጂ መልስ አይሰጠውም። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አሰሳ በሆነ ጊዜ ቤት ለቤት የተፈለገው ጠመንጃ ብቻ አልነበረም፤ የጽሕፈት መኪናና ማባዣም ተፈለገ። ዴሞክራሲያ በኪሱ የተገኘችበት ልጅ ለነፍሱ ዋስ አልነበረውም። እሑድ ሚያዝያ 9 ቀን የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ደም መሳይ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሰባበረ። በነሐሴ መኢሶንም ከደርግ ጋር ተጣልቶ ኅቡዕ ገባ፤ መሪው ኃይሌ ፊዳ ተይዞ በ1971 ዓ.ም. ተገደለ።

መኢሶንን የመሰለ በሌላም አገር ነበረ፤ በዚያው በ1971 ዓ.ም. የፋርስ ሻህ ከአገሩ ወጣ፤ የአገሩ ኮሚኒስቶች የቱዴ ፓርቲ ጋዜጣ «መርዶም»ም በቴህራን በገሃድ ታተመች። ፓርቲው አዲሱን መንግሥት ሲደግፍ ቆይቶ በ1975 ዓ.ም. ታገደ፣ መሪዎቹም ታሰሩ። መኢሶንን ያገኘው ዕጣ አገኘው።

ቀይ ሽብር ከተባለው ከዚህ የደርግ ግድያ ካመለጡት ከፊሎቹ ወደ ሱዳንና ወደ ጅቡቲ፣ ከፊሎቹ በሲዳሞ በኩል ወደዚህ መጡ። ኬንያ ግን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋር የመከላከያ ውል ነበራት፤ የኬንያው ፕሬዚዳንት ሞይና መንግሥቱም በ1971 ዓ.ም. ወዳጅነቱን በአዲስ ውል አጸኑት። ስደተኛው ከአሳዳጁ ወዳጅ ቤት አደረ።

በአገር ቤት የፓርቲ ልሳን ሆና «ሠርቶ አደር» ብቻዋን ቀረች፤ በአደባባይ የሚመልስላትም አልነበረም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የእርሷ አንባቢዎች የነበሩ ወታደሮችም ከነቤተሰባቸው በዚሁ በሞያሌ ወጡ። በዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ሰፈሩ፤ ኋላም ብዙዎቹ ወደ ካኩማ መጠለያ ተወሰዱ።