ቪዲዮ ጦማር፤ አጀማመሩና የሚጠይቀው ጥንቃቄ

ቪዲዮ ጦማር አንድ ግለሰብ ወይም ድርጅት ስለ ሥራው፣ ስለ ሙያው ወይም ስለ አካባቢው በምስልና በድምፅ እየቀረጸ በኢንተርኔት አማካይነት በተከታታይ ለሕዝብ የሚያቀርበው ዝግጅት ነው። አሠራሩ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተስፋፋው ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ከተመሠረተ በኋላ ሲሆን፣ በድረ ገጹ የተጫነው የመጀመሪያው ቪዲዮ በእንስሳት ማቆያ ሥፍራ የተቀረጸና የ19 ሰከንድ ርዝመት ብቻ ያለው ነበር።

በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ የዚህን አሠራር ጠቀሜታ በግልጽ ያሳያል። ሰፈሩ ስያሜውን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለው ተቋም ነው። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽም በዚሁ አካባቢ ይገኛል። በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ በርካታ ነባር ቤቶች የፈረሱ ሲሆን፣ ነዋሪዎች ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ ሥፍራዎች ተዛውረዋል።

ለረጅም ዓመታት በአንድ ሥፍራ የሠራ ልብስ ሰፊ ወይም ምግብ ቤት ቦታውን ሲለውጥ የቀድሞ ደንበኞቹን ሊያጣ ይችላል። አዲሱን አድራሻ፣ በአቅራቢያው የሚታወቀውን ምልክትና የአገልግሎቱን ዋጋ የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይህን ችግር ያቃልላል። ክፍያውንም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት በሚሰጠው ቴሌብር መቀበል ይቻላል። በግል ደረጃ ደግሞ አንድ ቤተሰብ ስለ ቀድሞው ሰፈር የአረጋውያንን ትዝታ ቀርጾ ለልጆቹ ሊያቆይ ይችላል።

ለጅምሩ አንድ ዘመናዊ የእጅ ስልክ በቂ ነው። በቅድሚያ የዝግጅቱን ዓላማና ተመልካች በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይገባል። ተናጋሪው ፊቱን ወደ መስኮት እንጂ ጀርባውን ወደ ብርሃን ማድረግ የለበትም። ስልኩም እንዳይንቀጠቀጥ በማስቀመጫ ላይ ሊደገፍ ይገባል። የመኪናና የግንባታ ድምፅ በሚበዛበት አካባቢ ጸጥ ያለ ክፍል መምረጥ ወይም በልብስ ኮሌታ ላይ የሚያያዝ አነስተኛ ማይክሮፎን መጠቀም ያስፈልጋል፤ ተመልካች የምስል ጉድለትን ሲታገሥ ያልተሰማውን ንግግር ግን ትቶ ይሄዳልና። ርዕሱ የሥራውን ዓይነትና የቦታውን ስም በአማርኛ ቢይዝ በፍለጋ በቀላሉ ይገኛል። የዳታ ወጪን ለመቀነስም ቪዲዮውን አሳጥሮ በዋይፋይ መጫን ይመረጣል።

ከሕግ አንጻር ሦስት ጉዳዮች ልዩ ትኩረት ይሻሉ። አንደኛ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን ይከለክላል። በሕዝብ ፊት የተከናወኑ ጉዳዮችን የመሳሰሉ ልዩ ሁኔታዎች በአንቀጽ 28 ተመልክተዋል። ሁለተኛ፣ የሌላውን ሰው ሙዚቃ ወይም ፊልም ያለ ፈቃድ መጠቀም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ያስጠይቃል። ሦስተኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የሐሰት መረጃ የማሠራጨት ወንጀል እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል።

የመንግሥት ሠራተኛ በበኩሉ የግል ዝግጅቱን ከመሥሪያ ቤቱ ሥራ መለየት ይኖርበታል። ባለጉዳይ በሚስተናገድበት ክፍል ሲቀረጽ በጠረጴዛ ላይ ያለ ማኅደር፣ በኮምፒውተር ገጽ ላይ የሚነበብ ስም ወይም ተራ የሚጠብቅ ሰው ፊት ሳይታሰብ በምስሉ ሊገባ ይችላል። ስለሆነም ቪዲዮው ከመጫኑ በፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መታየት አለበት። አንድ ጊዜ የተሠራጨ ምስል ከገጹ ቢሰረዝም በሌሎች እጅ ከገባው ቅጂ ሊመለስ አይችልምና።